የሳሎን አልጋ ፍራሽ ልብስ ስለመስፋት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ የሆነ አልጋ ብዙ ቤት ውስጥ አለ። አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ሶፋም አልጋም አይገዛም፤ አንዱን ግድግዳ አስጠግቶ፣ ትራስ ደርድሮበት፣ እንግዳም ያስቀምጥበታል፣ ራሱም ይተኛበታል። ስፖንጁ ላይ የሚጣለው ጨርቅ ግን አንድ ሰው ተቀምጦ በተነሳ ቁጥር ይሸበሸባል፣ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ለዚህ መፍትሔው በልክ የተሰፋ፣ ዚፕ ያለው የፍራሽ ልብስ ነው። ስፌቱ ከባድ አይደለም። ቀጥ ያለ መስመር መስፋት የሚችል ሰው ይሠራዋል። ከታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ላስቲክ ያለው አንሶላ እያለ ለምን ልድከም?

ለሚተኙበት አልጋ ላስቲክ ያለው አንሶላ በቂ ነው። ለሚቀመጡበት ግን አይሆንም። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ የሚያርፈው በፍራሹ የፊት ጠርዝ ላይ ነው። ላስቲኩ ከሥር ይለቃል፣ ጨርቁም ይሰበሰባል። በልክ የተሰፋው ልብስ ስፖንጁን ከስድስቱም በኩል ስለሚይዘው መሄጃ የለውም።

ሌላው ነገር መልኩ ነው። ጎኑ ተለይቶ ተቆርጦ ሲሰፋ ጠርዙ ቀጥ ይላል፤ አልጋው መቀመጫ ይመስላል። እንግዳ ሲመጣም አይሳቀቁም።

ዚፕ መስፋት ያልደፈረ ሰው በላስቲክ ቢጀምር ግን አይከፋኝም። ለ90 በ190፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ስፖንጅ 150 በ250 የሆነ ጨርቅ ይበቃል። ስፋቱ ላይ 90፣ ለሁለቱ ጎን 30፣ ከሥር ለሚታጠፈውና ለላስቲኩ መቀምቀሚያ ሌላ 30 ተደምሮ ነው 150 የመጣው። በአራቱም ማዕዘን 28.5 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ሁለቱን ጠርዝ አገናኝታችሁ በ1.5 ሴንቲ ስፉት፣ ዳሩን ቀምቅሙና ላስቲክ አስገቡ። በቃ።

እንዴት ልለካ?

አልጋውን ሳይሆን ስፖንጁን ለኩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ አልጋው ስለሆነ ነው። የአልጋው እንጨት ብዙ ጊዜ ከስፖንጁ ሰፋ ይላል።

ስፖንጁን አውጥታችሁ ወለል ላይ አንጥፉት። ከቆየ አንሶላው ተነስቶለት ትንሽ ይረፍ፤ ተጨምቆ የኖረ ጠርዝ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ርዝመቱን ሦስት ቦታ ለኩ፤ በሁለቱ ዳርና መሐል ላይ። ስፋቱንም እንዲሁ። በቢላ የተቆረጠ ስፖንጅ አንዱ ጫፍ ከሌላው ሊበልጥ ይችላል፤ ትልቁን ቁጥር ያዙ። ውፍረቱን ስትለኩ ሜትሩን በስፖንጁ ላይ አትጫኑት። ስፖንጅ ይሰጣል፤ 15 የነበረው 13 ሆኖ ይነበባል። ዳሩ ላይ አንድ መጽሐፍ በጠፍጣፋው አስቀምጡና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ታች ለኩ።

ከዚያ ከስፋቱ 1፣ ከርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። አዎ፣ ቀንሱ። ስፖንጅ ስለሚጨመቅ ትንሽ የጠበበ ልብስ ሲለብስ ጨርቁን ይወጥረዋል። ልክክ ብሎ የተሰፋው ከወራት በኋላ ይላላል። ከውፍረቱ ላይ ግን አትቀንሱ።

ለስፌት የሚተወው ትርፍ በየጠርዙ 1.5 ሴንቲ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ልክ ላይ 3 ይደመራል። 90 በ190 በ15 የነበረው ስፖንጅ እንዲህ ይሆናል፦ ላይና ታቹ እያንዳንዳቸው 92 በ191፤ የፊት ጎኑ 191 በ18፤ የራስጌና የግርጌ ጎኖቹ እያንዳንዳቸው 92 በ18። የኋላው ጎን ዚፕ ስለሚሰፋበት ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 191 በ10.5 ነው።

ስንት ሜትር ጨርቅ ልግዛ?

የጨርቁ ስፋት 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለዚህ ልክ 4 ሜትር ይበቃል። የላዩን 92 ስትቆርጡ ከጎኑ 58 ሴንቲ ይተርፋል፤ ከታቹም እንደዚያው። አራቱ ጎኖች ከነዚህ ሁለት ትርፎች ይወጣሉ። ለአንድ ትራስ ልብስ የሚሆን ቁራጭም አይጠፋም።

ገንዘብ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ታቹንና የኋላውን የዚፕ ጎን ከአቡጀዲ አድርጉት። ታቹን ማንም አያየውም፤ ኋላው ግድግዳ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከሚያምረው ጨርቅ 2 ሜትር ይበቃችኋል። ይህንን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። አቡጀዲ አየር ያስገባል፣ በእንጨት ርብራብ ላይም ዝም ብሎ አይንሸራተትም። ለቀረው 2 ሜትር ታወጡት የነበረውን ብር ወፈር ላለ ጨርቅ አውጡት።

ትልልቅ አበባ ወይም ሰፊ መስመር ያለው ጨርቅ ግን ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል። የላዩ መስመር ከፊት ጎኑ መስመር ጋር እንዲገጥም ከተፈለገ ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይጨመራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰፉ ከሆነ አንድ ቀለም ወይም ደቃቅ ቅርጽ ያለውን ምረጡ።

የትኛው ጨርቅ ይሻላል?

መርካቶ የጨርቅ ተራ ገብቶ ግራ የማይጋባ የለም። ሻጩ ሁሉንም «የሶፋ ነው፣ አይለቅም» ይላችኋል። እናንተ ግን ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሡት። ብርሃኑ በክሮቹ መሐል ዘልቆ የሚታይ ከሆነ ለመቀመጫ አይሆንም፤ ስፌቱ ላይ ክሩ ይንሸራተትና ይከፈታል። ሁለተኛ፣ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወጥሩት። የሚለጠጥ ጨርቅ ዛሬ ይስማማል፣ ከርሞ ይረግባል። ሦስተኛ፣ ከጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ክር ምዘዙና ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤት ስትደርሱ በውሃ ሳህን ላይ ክብሪት አስነኩት። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸትታል፤ የሚተወውም በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ነው። ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የቀላቀለ ጨርቅ ሁለቱንም ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ናሙና ይዛችሁ ተመለሱ፣ በማግስቱ ግዙ።

ይህ ፈተና ለምን አስፈለገ? ቡና ስለምናፈላ። ሳሎን ውስጥ ከሰል አለ፣ ዕጣን አለ። ፍንጣሪ ጥጥ ላይ ሲያርፍ ያጠቁራል፤ ፖሊስተር ላይ ሲያርፍ አቅልጦ ይበሳል። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ደግሞ በፍጥነት የሚቀጣጠል፣ ጭሱም መርዛማ የሆነ ነገር ነው። ምንም ዓይነት ጨርቅ ብትመርጡ የከሰል ምድጃውን ከአልጋው አርቁት።

የእኔ ምርጫ ወፈር ያለ ጥጥ ወይም ጥጥ የበዛበት ቅልቅል ነው። ካኪና ያልሳሳ ጂንስ ግሩም ናቸው። ጂንስ መጀመሪያ ላይ ቀለም ይለቃል፤ በነጭ ነጠላ ወይም በሐበሻ ቀሚስ የምትቀመጡበት ከሆነ ደጋግማችሁ እጠቡት። ቬልቬት ያምራል፣ ይሞቃልም፤ ግን ጸጉሩ አቅጣጫ አለው። በእጃችሁ ስትዳብሱት በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይቆረቁራል። ሁሉንም ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ካልቆረጣችሁ አንዱ ጎን ጠቁሮ፣ ሌላው ነጥቶ ይታያል።

በሸማ መስፋት የሚፈልጉ አሉ። ሸማ ሽመናው ልል ስለሆነ ተወጥሮ ለሚሰፋ ነገር አይመችም። ከወደዳችሁት ጥለቱን ትራሶቹ ላይ አድርጉት፤ በአንድ ቀለም የፍራሽ ልብስ ላይ ያምርበታል።

ጨርቁን ሳላጥብ ብሰፋውስ?

ጥጥ ከሆነ አታድርጉት። ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ እስከ 5 እጅ ሊገባ ይችላል። ከ190 ሴንቲ ላይ ይህ ወደ 10 ሴንቲ ነው። ያን ያህል የገባ ልብስ ተመልሶ ስፖንጁ ላይ አይወጣም። ጨርቁን እንደገዛችሁት፣ ወደፊት በምታጥቡበት የውሃ ሙቀት እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት፣ ከዚያ ቁረጡት። ስትገዙም ሩብ ሜትር ያህል ጨምሩ። አቡጀዲንም አትርሱ፤ እሱ ይብሳል። ሙሉ ፖሊስተር ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

የእግር ሲንጀር ይችለዋል?

ይችለዋል። አሮጌ ሲንጀር እንዲያውም ወፍራም ጨርቅ ላይ ጎበዝ ነው። መርፌው ይቀየር እንጂ፤ ለካኪ 14 ቁጥር፣ ለጂንስና ለሶፋ ጨርቅ 16 ቁጥር። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ ቀጭን የጥጥ ክር የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይበጠሳል። የስፌቱን እርምጃ ወደ 3 ሚሊ ሜትር አድርጉት። አራት ድርብ የሚደራረብበት ቦታ ስትደርሱ እግራችሁን አሳርፉና መንኮራኩሩን በእጅ አዙሩት።

ዚግዛግ የሌለው መኪና ከሆነ የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር ከመጀመሪያው ስፌት በ5 ሚሊ ርቀት፣ ትርፉ ላይ ሌላ ስፌት ድገሙበት። ወይም የተቆረጠውን ሁሉ ሰብስባችሁ ኦቨርሎክ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ አስዘምዝሙት።

ዚፑን የት ላድርገው? እንዴትስ ይሰፋል?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። ዚፑ የት እንዳለ ነው ልብሱ ይታጠብ አይታጠብ የሚወስነው። ግርጌ ላይ ባለ 90 ሴንቲ ዚፕ የሚሰፉ አሉ፤ ይቀላል፣ ዚፑም ያጥራል። ግን 190 ሴንቲ ስፖንጅ በዚያ በኩል ማስገባት ለሁለት ሰው ሥራ ነው። ሥራው ያስጠላል፣ ልብሱም ሳይታጠብ ዓመት ይከርማል። ዚፑን በረጅሙ የኋላ ጎን፣ ከጥግ እስከ ጥግ አድርጉት። አንድ ሰው ብቻውን ያወልቀዋል፣ ብቻውን ያለብሰዋል።

በሜትር የሚሸጠውን 5 ቁጥር ዚፕ 2 ሜትር ግዙ። የዚፑን ራስ ለብቻው ይሰጧችኋል፤ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አስገቡትና ወዲያ ወዲህ ሞክሩት።

ስፌቱ እንዲህ ነው። ሁለቱን ባለ 10.5 ቁራጮች ፊት ለፊት ግጠሙ። በረጅሙ ጠርዝ፣ በ1.5 ሴንቲ ላይ፣ መኪናው በሚችለው ትልቅ እርምጃ ስፉት። ይህ ስፌት ኋላ ስለሚፈታ ጫፉን አታጥብቁት። ከዚያ ገልብጡና ትርፉን ግራና ቀኝ ከፍታችሁ በካውያ ተኩሱት። ጊዜ ወስዳችሁ ተኩሱት፤ ዚፑ ቀጥ የሚለው እዚህ ነው። አሁን ዚፑን በፊቱ ደፍታችሁ ጥርሱን ልክ በስፌቱ መስመር ላይ አስተኙት። በስፒል ያዙት፣ ወይም በእጅ ሳሳ አድርጋችሁ ስፉት። በመኪናው የዚፕ እግር አንዱን ጎን ከላይ ወደ ታች ስፉ፤ ሌላውንም ከዚያው ጫፍ ጀምራችሁ ስፉት። አንዱን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ላይ ከሰፋችሁት ጨርቁ ይዞራል፣ ዚፑም ይሞገዳል። በመጨረሻ ቁራጩን ገልብጡና ያንን ትልቅ እርምጃ ስፌት ፍቱት። ሁለቱ ጠርዞች ዚፑን ሸፍነውት ታገኛላችሁ። የቁራጩም ቁመት 18 ሆኗል፤ ከሌሎቹ ጎኖች ጋር እኩል ነው።

የዚፑን ሁለት ጫፍ በክር ደጋግማችሁ ዝጉት፤ ራሱ እንዳይወጣ።

ማዕዘኑ ለምን ይጨማደድብኛል?

ጎኖቹን እርስ በርስ ስታገናኙ እስከ ጠርዙ ድረስ ስለምትሰፉት ነው። አራቱን ጎን በየማዕዘኑ ስታያይዙ ከላይም ከታችም 1.5 ሴንቲ ሲቀር ጀምሩ፣ 1.5 ሲቀርም አቁሙ። ጫፉን ወደ ኋላ መልሳችሁ አጥብቁት። ያ ያልተሰፋ ጫፍ ማዕዘኑ ላይ እንደ መቀስ ይከፈታል፤ ጨርቁ የሚዞርበት ቦታ ያገኛል።

ከዚያ ይህን ቀለበት ከላዩ ጨርቅ ጋር ፊት ለፊት አግጥሙት። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘኖች በስፒል ያዙ፣ ቀጥሎ የየጎኑን መሐል፣ ከዚያ የቀረውን። ስትሰፉ ጎኑ ከላይ፣ ሰፊው ጨርቅ ከታች ይሁን። ማዕዘኑ ላይ ስትደርሱ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ የመኪናውን እግር አንሡ፣ ጨርቁን አዙሩ፣ የተከፈተውን ጫፍ ወደሚቀጥለው ጠርዝ አስተካክሉ፣ እግሩን መልሱና ቀጥሉ። አንድ ጨርቅ ሌላው ላይ ተርፎ ካገኛችሁት አትጎትቱት፤ ወደ መሐል አከፋፍሉት።

የታቹን ጨርቅ ከመግጠማችሁ በፊት ዚፑን ግማሽ ያህል ክፈቱት። ተዘግቶ ከተሰፋ ልብሱ መገልበጫ ያጣል፤ ስፌት መፍታት ይመጣል።

ስፖንጁ አልገባ ብሎኛል፤ ጠቦኝ ይሆን?

ምናልባት ጨርቁ ስፖንጁን እየያዘው ነው። ስፖንጅ ጨርቅ ላይ አይንሸራተትም። ሶፋ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ሞክሩ፦ ስፖንጁን በስስ ላስቲክ፣ ለምሳሌ ልብስ ከላውንደሪ በሚመጣበት ዓይነት፣ ጠቅልሉት። ዚፑን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ስፖንጁን በርዝመቱ ትንሽ አጥፋችሁ አስገቡት፣ ውስጥ ሲደርስ ይዘረጋል። መጀመሪያ የፊቱን ሁለት ማዕዘን እጃችሁን ሰዳችሁ ሙሉ፣ ከዚያ የኋላውን። ማዕዘኖቹ ቦታቸውን ሲይዙ ላስቲኩን በዚፑ በኩል ሳቡት። ይወጣል።

ዚፑ እንዲዘጋ በኃይል መሳብ ካስፈለገ ግን እውነትም ጠቧል። አንዱን ረጅም ስፌት ፍቱና 5 ሚሊ ወደ ውጭ አውጥታችሁ ስፉት። ትርፉን 1.5 ያደረግነው ለዚህም ነው።

ስፖንጁ ተጠቅልሎ የመጣበትን ላስቲክ ላውልቀው?

አውልቁት። ስፖንጁ እንዳይቆሽሽ ብሎ ከነላስቲኩ የሚያለብስ ብዙ ነው። ላስቲኩ ያልባል፣ ይንኮሻኮሻል፣ ጨርቁንም ያንሸራትተዋል። ላብ ስለሚይዝ ሽታም ያመጣል። ንጽሕናው ካሳሰባችሁ ከአቡጀዲ ወይም ከአሮጌ አንሶላ የውስጥ ልብስ ስፉለት፤ ስፖንጁም ቢጫ እንዳይሆንና እንዳይፈረፈር ከብርሃን ይጠብቀዋል።

መሐሉ የጎደጎደ ስፖንጅ በልብስ ይስተካከላል?

አይስተካከልም። ጨርቁ ጉድጓዱ ላይ ይረግባል። ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ ገልብጡት፣ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት። ከባሰ በአዲስ ስፖንጅ ቀይሩት፣ ልብሱን ከዚያ በኋላ ለኩ። አዲስ ስትገዙ መዳፋችሁን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ቶሎ ካልተመለሰ ለመቀመጫ አይሆንም።

ለመጅሊስስ ይሠራል?

ልክ በዚሁ መንገድ። ግን መጅሊስ ብዙ ስፖንጅ ስላለው እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ፤ እኩል ናቸው ብላችሁ አትመኑ። ስፖንጁም ላይ ልብሱም ውስጥ ቁጥር ጻፉ። ጥግ ላይ የሚገጥሙት ሁለቱ ዚፓቸው በግድግዳው በኩል መሆኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ወለል ላይ ደርድራችሁ አረጋግጡ።

ልብስ ሰፊ ጋ ብወስደው ምን ልበለው?

ልኩን ወረቀት ላይ ጻፉና «ይሄ የስፖንጁ ልክ ነው፤ የስፌት ትርፍ አልተጨመረበትም» በሉት። ይህ ካልተባለ አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ አይጨምርም። ዚፑ በረጅሙ ጎን እንደሆነ፣ ጎኑ ተለይቶ እንደሚቆረጥ ንገሩት። ጨርቁን አጥባችሁ ውሰዱ። ከተቻለ ስፖንጁንም አሳዩት። የተረፈውንም ቁራጭ ተቀበሉ፤ የሆነ ቀን ቢበሳ መጣፊያው እሱ ነው።

ውጭ አገር ነው ያለሁት፤ ልኩ ይለያያል?

ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ አልጋ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ትዊን የሚባለውን ፍራሽ ነው፤ 38 በ75 ኢንች፣ ማለትም ወደ 97 በ191 ሴንቲ ሜትር። አውሮፓ ውስጥ 90 በ200 የተለመደ ነው፤ 80 በ200 ፍራሽ ሁለቱን ደራርቦ የሚይዝ የቀን አልጋም አለ። እሱን ማታ ጎን ለጎን ስለምትዘረጉት ለሁለቱም ለየብቻ ስፉላቸው፤ ባንድ ላይ አትስፉት።

አሜሪካ ጨርቅ በያርድ ነው የሚሸጠው። አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 4 ሜትር ብዬ የጻፍኩት ወደ 4 ያርድ ተኩል ይሆናል። የሶፋ ጨርቅ ስፋት እዚያ ብዙ ጊዜ 54 ኢንች ወይም 137 ሴንቲ ስለሆነ ከላዩ ጎን የሚተርፈው ይጠባል። ስለዚህ አንድ ያርድ ጨምሩ። ፍራሹ ሽቦ ያለው ከሆነ እንደ ስፖንጅ አይጨመቅም፤ ከልኩ ላይ ምንም አትቀንሱ፣ ዚፑንም ከረጅሙ ጎን አሳልፋችሁ በሁለቱም ጥግ 15 ሴንቲ ያህል ዞር እንዲል አድርጉት።

እጥበቱስ?

ዚፑን ዘግታችሁ፣ ልብሱን ገልብጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። ጥላ ላይ አስጡት። ቡና ከተደፋበት ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያላችሁ አስመጥጡት፣ አትሹት፤ ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና። ቬልቬትን ከፊቱ አትተኩሱት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም ስፖንጁን አታልብሱት፤ እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ ይሻግታል።